የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።» ይህች ማስታወቂያ ከመርካቶ እስከ መተማ ዮሐንስ በሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ በደረሰኝ ግርጌ ታትማ ትገኛለች። ዓይን ከመልመዱ የተነሳ ሕግ መስላለች። ሻጭ እንደ ሕግ ይጠቅሳታል፣ ገዢም እንደ ሕግ ይቀበላታል። አዲስ ስልክ በገዛ በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ የጨለመበት ሰው ወደ ሱቁ ሲመለስ ወደዚህች ወረቀት በጣት ይጠቆምለታል፤ እሱም «ዕድሌ ነው» ብሎ ይወጣል። ጎረቤቱም ጓደኛውም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ስልክ ዕድል ነው፤ አጣርተህ መግዛት ነበረብህ፤ ዋራንቲ የሚሠራው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ዋስትና ሻጭ ለገዢ የሚውለው ውለታ አይደለም፤ ገዢው የከፈለው ዋጋ አካል ነው። ዋጋውን የተቀበለው ገንዳ ውሃ ያለ ሱቅ ከሆነ ዋስትናውም የሚጠየቀው እዚያው ገንዳ ውሃ ላይ ነው። የተበላሸውን ስልክ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የማድረሱ ጣጣ የሻጩና የአቅራቢዎቹ እንጂ የገዢው አይደለም።

ነገሩ ለምን በምዕራብ ጎንደር ቆላ ላይ እንደሚከብድ ለማየት ስልክ ማን እንደሚገዛና መቼ እንደሚገዛ ማሰብ ይበቃል። ብዙ ሰው ሽኸዲ የሚላት ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ዙሪያዋ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ሠራተኛ ይጎርፋል። አገሬው ሳሉግ የሚለው ይህ የቀን ሠራተኛ ገንዘብ በእጁ የሚገባው በአብዛኛው አጨዳው ሲያልቅ ነው፤ ከዚያች ገንዘብ ላይ ቀንሶ ከሚገዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ስልክ ነው። ስልኩ ለእሱ ጌጥ አይደለም። ቴሌብር ከ2013 ወዲህ ገንዘብ መላኪያው፣ ገንዘብ መቀበያውና ማስቀመጫው ሆኗል፤ ከቤተሰቡ የሚገናኘው በእሱ ነው፤ የመንገዱን ወሬ የሚጠይቀው በእሱ ነው። ሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በድንበር ከተማዋ ገላባት በኩል ወደ መተማ ለተሻገረው ሕዝብም ከሻንጣው ሁሉ በላይ የጠቀመው በኪሱ የነበረው ስልክ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ቀፎም ሆነ አገር ውስጥ የሚገጣጠም ስልክ የሚቆምበት ዋጋ ሌላ ሆኗል። ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አልፏል። እንዲህ የተገዛ ዕቃ በሳምንቱ ሲሞት ባለቤቱን «ዕድልህ ነው» ማለት የአንድ ወቅት ላቡን ዕጣ ወሰደው እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚሁ አገር፣ በዚሁ ሕዝብ መካከል፣ በሬ ያለ ዋስ አይገዛም። ከብት ገበያ ላይ ሻጩ ካልታወቀ የሚያውቀው ሰው ዋስ ሆኖ ይቆማል፤ ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ገዢው የሚይዘው ሰው አለው። ይህን ማንም ደግነት አይለውም፤ የገበያ ሥርዓት ነው፤ ያለ ዋስ የሸጠ ሰው ይጠረጠራል። «ዋስትና» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ «ዋስ» ከሚለው ቃል ነው። አንድ ነገር ሸጬልሃለሁ፣ ነገሩም ያልኩህን ካልሆነ እኔ እያለሁ ሌላ አትፈልግ ማለት ነው። ታዲያ ለበሬው ዋስ የጠየቀ ገበሬ በግ ወይም ፍየል የሚያወጣ ስልክ ሲገዛ ዋስ አልጠራም ተብሎ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ዋሱ ከሱቁ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሟል። ንግድ ፈቃድ አለው፣ ስሙ በራፉ ላይ ተጽፏል፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይገኛል። ዋስትና የከተማ ሰው ልማድ ነው የሚለው አባባል ከባህላችን ጋር እንኳ አይስማማም።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ዕቃው በተለምዶ ለሚፈለግበት አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት ይባላል። ሕጉ ከገዢውም የሚጠይቀው አለ፦ ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ነገሩን በቀን ቆጥሮ አስቀመጠው። በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች፣ ዕቃውን በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። ልብ በሉ፤ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ፋብሪካው ቻይና ነው፣ አስመጪው አዲስ አበባ ነው፣ የጥገና ማዕከሉ ባሕር ዳር ነው የሚለው መልስ በዚህ ድንጋጌ ፊት ቦታ የለውም። አዋጁ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ ወይም ውል ካለ እሱ እንደተጠበቀ ይሁን ይላል፤ የሚያሳንሰውን ግን እንዲህ አድርጎ አይጠብቅም። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ወር ዋራንቲ የሚል ካርድ በካርቶኑ ውስጥ ካለ የአሥራ ሁለት ወሩ መብት በ15 ቀኑ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም። የግድግዳዋ ወረቀት ግን ከሁለቱም በታች ናት። ነጋዴ በራሱ ያወጣው የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ሰው አውቆ ሲቀበለው መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል፤ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ በደረሰኝ ግርጌ የምትነበብ መስመርም በዚህ መንገድ ተቀባይነት አገኘች ሊባል አይችልም።

የነጋዴውን ክርክር ግን በቅንነት መስማት ይገባል፤ ባዶ ክርክር አይደለምና። ትንሹ ቸርቻሪ የሚለው ይህ ነው፦ ቦርዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ካርቶኑን ታሽጎ ተቀብዬ ታሽጎ ሸጥኩ፤ ከአንድ ስልክ የማገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ አንዱን ለውጬ ከሰጠሁ የብዙዎቹ ትርፍ ጠፋ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ቸርቻሪው ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር ሊከራከርበት የሚገባ እንጂ ከገዢው ጋር የሚከራከርበት አይደለም። ቸርቻሪው ለመልሶ መሸጥ ስለሚገዛ በአዋጁ አነጋገር ሸማች አይባልም፤ ከአከፋፋዩ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ያው ሽያጭ ነው፣ የፍትሐ ብሔሩ ዋስትናም ለእሱ ይሠራል። የተመለሰለትን ስልክ ይዞ ወደ አከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ ወደ አስመጪው ወይም ወደ ገጣጣሚው መሄድ ይችላል። ቴክኖ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስልክ አዲስ አበባ ላይ ሲገጣጥም ኖሯል፤ ቢያንስ በእነዚህ ስልኮች የሰንሰለቱ ጫፍ ከአገር አልወጣም። ሰንሰለቱ እንግዲህ ከላይ እስከ ታች አለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጉድለቱን ወደ ላይ ለመግፋት የሚችለው ማን ነው? በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ዕቃ የሚያስጭነው፣ የአከፋፋዩን ስልክ ቁጥር በእጁ የያዘው፣ ሂሳቡን ከሚቀጥለው ጭነት ላይ ማወራረድ የሚችለው ነጋዴ ነው ወይስ በሕይወቱ አንድ ስልክ የገዛ የቀን ሠራተኛ? ከአዘዞ በአይከል በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መኪና ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም። አዲሱ ስልክ በመጣበት መንገድ የተበላሸው ስልክ ይመለሳል፤ ለነጋዴው የአንድ ካርቶን ጥግ ነው። ገዢው በራሱ ይሂድ ከተባለ ግን ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ፣ የመሳፈሪያ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ የጠፋ የሥራ ቀን አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደምሮ የስልኩን ዋጋ ይጠጋል። ገዢውን ጎንደር ሂድ ማለት እንግዲህ ዋስትናህን ተወው ማለት ነው፤ የሚለየው በቃሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ሙቀቱ ነው» የሚለው ነው፤ በቆላው ላይ ከሁሉም የሚደጋገመውም ይኸው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በዚያ አካባቢ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። ስልክን፣ በተለይም የሊቲየም ባትሪውን፣ ሙቀት እንደሚጎዳው የታወቀ ነው፤ አፕል ለምሳሌ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራል። ስለዚህ ነጋዴው ሲከራከር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ስልክ ከልኩ በላይ ሲሞቅ ራሱን ይከላከላል፦ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፣ ቻርጅ ማድረግ ያቆማል፣ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ሲብስም ይጠፋል፤ ጥላ ሥር ሲቀመጥና ሲበርድ ግን ተመልሶ ይሠራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ መሣሪያው እንደታሰበው እየሠራ ነው። ጎህ ሲቀድ በብርዱም የሚጠፋ፣ በየአሥር ደቂቃው ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ፣ ቻርጀር ላይ አድሮ ባትሪው 20 ፐርሰንት የማይሞላ፣ የስክሪኑ ግማሽ ንክኪ የማይቀበል አዲስ ስልክ ግን ሙቀት ያመጣው ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚናገሩት፣ በአሠራሩ ላይ እንከን ያለበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ያለፈ መሣሪያ ለዓመታት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እርጅና ነው። በሳምንቱ የሞተ ስልክ እንግዲህ ማስረጃውን በራሱ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረትም፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያው፣ ዕቃው በተረከበ በአንድ ዓመት ውስጥ የታየ ጉድለት ከመጀመሪያው እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ ያስረዳ ብሏል። ማስረዳቱን አቅም ያለው ይሸከመው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ነጋዴው ስልኩን የሸጠው ገንዳ ውሃ ላይ መሆኑን ያውቃል። በገንዳ ውሃ ሙቀት የማይሠራ ዕቃ ከሆነ ከመሸጡ በፊት መናገር ነበረበት፤ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በዚያው አዋጅ ተሰጥቶታልና። ሲሸጥ ያልተነገረ ሙቀት ሲመለስ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ክርክር ገዢ ያታልላል የሚለው ነው። ውሃ ውስጥ ጥሎት፣ ከሞተር ላይ ወድቆበት «እንዲሁ ጠፋብኝ» ይላል ይላሉ። የሚያታልል ገዢ መኖሩን አልክድም። ግን ይህን ለመለየት ሕዝብን ሁሉ በሩ ላይ መመለስ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ ይናገራል። ብዙ ስልኮች በሲም ማስገቢያው አካባቢ ወይም ከክዳኑ ሥር ነጭ ምልክት አላቸው፤ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። የወደቀ ስልክ ጥጉ ይጫጫራል፣ ፍሬሙ ይጎብጣል። *#06# ሲደወል በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ አሥራ አምስቱ አኃዝ፣ ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ሲተያይ ስልኩ ከዚያ ሱቅ የወጣው መሆን አለመሆኑ በግማሽ ደቂቃ ይታወቃል። ስክሪኑ ጨልሞ ቁጥሩ ባይነበብ በካርቶኑ፣ በአንዳንድ ስልኮችም በሲም ማስገቢያው ላይ ያለውን ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ በእጁ ያለ ነጋዴ አታላይን ፈርቼ ነው ሲል ስንፍናውን ነው የሚናገረው። ዋስትና ማለት ደግሞ ያለ ምርመራ ለውጥ ማለት አይደለም፤ ስልኩን ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ያገኘውን በጽሑፍ መናገር ነው። ውሃ ገብቶበታል ካለ ምልክቱን ያሳይ፤ ገዢውም ያን ጊዜ አፉን ይይዛል።

የተመለሰ ዕቃ ለነጋዴው ኪሳራ ብቻ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ለገበያ ባወጣ በሳምንታት ውስጥ ባትሪው እየጋየ ሰው መጉዳት ጀመረ። ኩባንያው ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ስልክ ለመለወጥ ጥሪ አደረገ፤ የተለወጡትም መቃጠላቸውን ሲቀጥሉ በጥቅምት ወር ማምረቱን ጨርሶ አቆመ። ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ስልክና ሠላሳ ሺህ ባትሪ ፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017፣ ጉድለቱ ከሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች በመጡት ባትሪዎች በእያንዳንዳቸው ላይ በተለያየ ምክንያት እንደተፈጠረ አስታወቀ። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን የኩባንያው ጨዋነት አይደለም። ጉድለቱ የታወቀው ሰዎች ስልካቸውን ስለመለሱና ስለተናገሩ መሆኑ ነው። «ዕድሌ ነው» ብለው ቤታቸው ቢያስቀሩት ኖሮ ያ ባትሪ በዚያው ይቀጥል ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ የሚሞት ስልክ ወደ ላይ ስለማይመለስ አስመጪውም ሆነ ገጣጣሚው አንድ ዓይነት ሞዴል በቆላ ሙቀት ባትሪው እንደሚያብጥ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳው በአቧራ ቶሎ እንደሚላላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በእነሱ መዝገብ ላይ ቆላው ቅሬታ የለውም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጭነትም ያው ሞዴል ይሆናል። ዝምታችን ብልሹ ዕቃ ወደ እኛ እንዲመለስ መንገድ ጠራጊ ነው።

ስለ ኮንትሮባንድ ማለፍ አይቻልም፤ ድንበር ላይ ነን። ከሱዳን ወይም ከሌላ በር ያለ ቀረጥ የገባ ቀፎ በሕጋዊ በር ከገባው ይረክሳል፤ ሰውም ድሃ ነው፤ ዋስትና ይኑር ካልን ዋጋ ይወደዳል ይባላል። ዋጋው ጥቂት ሊጨምር እንደሚችል አልከራከርም። ነገር ግን የኮንትሮባንዱ ርካሽነት ከምን እንደመጣ ይታይ። ከቀረጡ በተጨማሪ ርካሽ ያደረገው ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው፦ ብዙ አምራቾች ዋራንቲያቸውን ስልኩ እንዲሸጥ በታሰበበት አገር ወይም አካባቢ ይወስኑታል፤ ለሌላ አገር ገበያ የወጣ ስልክ አዲስ አበባ ላለው የጥገና ማዕከል ቢቀርብ ላይቀበለው ይችላል። ገዢው እንግዲህ ርካሽ ብሎ የገዛው የስልኩን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም ቢበላሽ የሚያገኘውን መፍትሔ፣ አልገዛም። ይህን አውቆ የገዛ ሰው በራሱ ምርጫ ነው። ሳይነገረው፣ «ኦሪጅናል ነው፣ ዋራንቲ አለው» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ግን ተታሏል፤ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ ደግሞ ከኃላፊነት ነፃ ያወጣኛል በሚለው ውል ሊጠለል አይችልም። ያለ ደረሰኝ የመሸጥ ልማዱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። «በደረሰኝ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይሄን ያህል» ሲባል የሚቀነሰው ግብር ብቻ የሚመስለው ገዢ ብዙ ነው፤ ማስረጃውም አብሮ እየተቀነሰ ነው። ሆኖም ደረሰኝ የሌለው ሁሉ መብት የለውም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለንም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ከሆነ ቀኑን፣ መጠኑንና ተቀባዩን የሚያሳይ መልእክት በስልክ ይመጣል፤ ካርቶኑ አለ፤ አብሮ የነበረ ሰው አለ።

«እዚህ ያሉት ልጆች ይሠሩልሃል» የሚለውን ምክር የሚሰጡት ሰዎች ቅን ናቸው። የሞባይል ጥገና ልጆቹ በትንሽ መሣሪያ፣ በመብራት መቆራረጥ መካከል የሚሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዋራንቲው ያለቀ ስልክ በእነሱ እጅ ስንት ዓመት ይጨምራል። ነገር ግን የአምስት ቀን ስልክ ወደ እነሱ መሄድ የለበትም። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ፣ ሶፍትዌሩ አንዴ በሌላ ከተጫነ፣ የጥገና ማዕከሉ «ተነክቷል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ነጋዴውም እጁን ያጥባል። ሱቁ ራሱ «እናሠራልሃለን» ሲልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ15 ቀኑ ውስጥ ለውጥ ወይስ ገንዘብ የሚለውን መጠየቅ የገዢው ነው፤ አዲስ ብሎ የከፈለበትን ስልክ ተጠግኖ እንዲወስድ የሚያስገድደው ነገር የለም። ከ15 ቀኑ በኋላ፣ በዋራንቲው ወራት ውስጥ፣ መጠገን መጀመሪያ ቢመጣ ተገቢ ነው፤ ተጠግኖ ደጋግሞ የሚበላሽ ከሆነ ግን መለወጥ አለበት። ለታወቁት ብራንዶች የምጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። ገንዳ ውሃ ላይ ሙሉ የጥገና ማዕከል ክፈቱ አልልም፤ ከእነዚህ ልጆች አንዱን አሠልጥናችሁ ተቀባይ አድርጉት። ስልኩን ይቀበል፣ ይመርምር፣ ቁጥሩንና ቀኑን መዝግቦ ወረቀት ይስጥ፣ ወደ ማዕከሉ ይላክ። በዚያ ሥራ የሚገኘው እንጀራ ለልጁም ይጠቅማል።

የ15 ቀኑ ቆጠራ ለሳሉጉ አይመችም፤ ይህን ከባዱን ጉዳይ ሳልነካው ባልፍ ክርክሬ ጎደሎ ይሆናል። ከከተማ ርቆ በእርሻ ካምፕ የሚያድር ሰው ስልኩ በሁለተኛው ሳምንት ቢሞት ከተማ የሚወጣው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ስልኩን ገዝቶ በማግስቱ ወደ ደጋ የተመለሰ ደግሞ ሱቁን ዳግመኛ የሚያየው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ መኖሩ ሲጨመርበት ቆጠራው ጨርሶ ይከብዳል። «እንግዲህ ሕጉ እዚህ አይሠራም» የሚሉት ሰዎች ጠንካራ ማስረጃቸው ይህ ነው። እኔ ግን ከዚሁ የምደርሰው ተቃራኒው ላይ ነው። መንገድ ሲከብድ ዋስትናው ወደ ገዢው ይቅረብ እንጂ አይጥፋ። ሸማቹ ማድረግ ያለበት በ15 ቀኑ ውስጥ መጠየቅ ነው፤ መጠየቅ ደግሞ በአካል ብቻ አይደለም። ስልኩ ሲሞት በጓደኛው ስልክ ለሱቁ መልእክት መላክ፣ የጠፋውን ስክሪን በፎቶ ወይም በቪዲዮ ማሳየት፣ ቀኑ የታወቀ ጥያቄ ነው። በወቅቱ ያሳወቀ ሰው መንገድ ሲከፈት ስልኩን ሲያመጣ «ቀኑ አልፏል» ሊባል አይገባም። የሱቁን ስልክ ቁጥር በደረሰኙ ላይ መጻፍም ይህን ያህል ከባድ አይደለም። የዚህ ዓይነት አሠራር በአዋጁ ውስጥ ቃል በቃል ባይጻፍ እንኳ የዞኑና የወረዳው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤቶች ከነጋዴው ጋር ተነጋግረው ሊያጸኑት የሚችሉት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከዞረ ወዲህ የሸማች ጉዳይ ባለቤት አጣ የሚሉ አሉ። በመተማ ያለ ገዢ ግን ድሮም አዲስ አበባ ካለ ባለሥልጣን ጋር አልተገናኘም፤ የሚያውቀው የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ነው። ሚዛን የሚመረምር፣ የዋጋ ዝርዝር ተለጠፈ አልተለጠፈ ብሎ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ባለሙያ በዚያው ዙር የግድግዳዋን ወረቀት ማየት ይችላል። ማየት ብቻ ሳይሆን ማስነሳት አለበት፤ ሕግ የሰጠውን መብት የለህም የሚል ማስታወቂያ ሕዝብን የሚያሳስት ነውና።

ስልክ ልትገዙ የምትሄዱ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ፤ ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ቻርጁን፣ የስክሪኑን አራት ማዕዘን ሞክሩ፤ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ፤ ሞዴሉ፣ ቁጥሩና ቀኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ያዙ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ከሆነ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ በዚያው ሁኔታ መልሱት። ገንዳ ውሃ፣ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ ላይ ስልክ የምትሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ፣ ያቺን ወረቀት ከግድግዳው አንሷትና በቦታዋ ሌላ ለጥፉ፦ በዚህ ሱቅ የተገዛ ስልክ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ይለወጣል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። የምትጽፉት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ነው።